የአንዲስ አዋቂዎችን ሥርዓት አመጣጥ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ «በአርኪዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ሻማን የሚባሉት የአንዲስ ተራሮች ነባር ሕዝቦች አዋቂዎች ወደ አገልግሎታቸው የሚገቡበት ሥርዓት ከየት እንደ መጣ ማጥናት እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ‹እንጀራ አይወጣልሽም› ይላሉ። እኔ ደግሞ ፔሩ፣ ኩስኮ ድረስ ሄጄ ሥርዓቱን ራሴ ብፈጽመው ይሻል ይሆን እያልኩ ነው።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። ገንዘብ ከፍለሽ የምትፈጽሚው ሥርዓት ለምርምርሽ ማስረጃ አይሆንም። ኩስኮ ውስጥ ለጎብኚ በብዛት የሚቀርበው አያዋስካ የሚባለው አእምሮን የሚለውጥ መጠጥ ነው፤ እርሱም የአማዞን ደን ሕዝቦች ወግ እንጂ የደጋው አይደለም። በዚያ በር የገባ ተማሪ የቱሪስት ገበያውን አጥንቶ ይመለሳል።

ጥያቄሽ ግን ሊደከምለት የሚገባ ነው። ስለ እነዚህ አዋቂዎች ስታነቢ ደጋግሞ የሚገጥምሽ አንድ ትረካ አለ። መብረቅ ሰውየውን ሦስት ጊዜ ይመታዋል፤ በመጀመሪያው ይሞታል፣ በሁለተኛው አካሉ ይበታተናል፣ በሦስተኛው ተገጣጥሞ አዋቂ ሆኖ ይነሣል። ትረካው በቅርብ ዘመን ኬቹዋ ከሚባለው የአንዲስ ነባር ቋንቋ ተናጋሪዎች አንደበት የተመዘገበ ነው። ብዙዎች ግን ይህንኑ ወስደው የሦስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ ቅርጾች ማብራሪያ ያደርጉታል። አንቺ ይህን አታድርጊ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርሽ ይህንን ነው።

ድንጋዩ ራሱ የሚለው አለው። በፔሩ ከባሕር ጠለል በላይ 3,180 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የቻቪን ዴ ዋንታር ቤተ መቅደስ ግንባታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የቀጠለ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ተሰክተው የነበሩትን የድንጋይ ራሶች በጥሞና ተመልከቻቸው። አንዱ የሰው ፊት ነው፤ ሌላው ዓይኑ ፈጥጦ ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ ሌላው ጃጓር የሚባለውን ነብር መሰል አውሬ ክራንቻ አውጥቷል። ሰው ወደ አውሬ ሲለወጥ ያሳያሉ የሚለው አተረጓጎም ከቅርጹ ብቻ የተወሰደ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቆየ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ2025 የታተመ ጥናት ግን ከዚያው ቦታ የወጡ፣ ዕፅ በአፍንጫ የሚሳብባቸው የአጥንት ቱቦዎችን መርምሮ የኒኮቲንና ቪልካ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚገኝ አእምሮን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ቅሪት አገኘባቸው። ቱቦዎቹ በነበሩበት ክፍል ውስጥ ሊሰበሰቡ የሚችሉት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። እንግዲህ አመጣጡን ስትፈልጊ ዕፁን ብቻ ሳይሆን በሩን ማን ይገባበት፣ ማንስ ይከለከልበት እንደ ነበር ጠይቂ። በእኔ እምነት የጥናትሽ ዋና ሐሳብ ከዚህ ሊወጣ ይችላል።

በደቡብ ምዕራብ ቦሊቪያ ከአንድ ዋሻ የተገኘ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ጥቅል ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳይሻል። ውስጡ ከሦስት ቀበሮዎች አፍንጫ የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ነበረበት፤ በ2019 የወጣው የምርመራ ውጤት የኮካንና የሌሎች አእምሮን የሚለውጡ ዕፀዋትን ቅሪት አሳይቷል። አንዳንዶቹ ዕፀዋት በዚያ ደጋ አይበቅሉም። ስለዚህ ባለቤቱ ወይ ራሱ ሩቅ ተጉዟል፣ ወይ ከሩቅ የሚያመጡለት ነበሩት።

በፊደል የተጻፈው ማስረጃ የሚጀምረው ከስፔኖች መምጣት በኋላ ነው። በ1621 የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆነው ፓብሎ ሆሴ ዴ አሪያጋ ወደ አገልግሎቱ የሚገባባቸውን ሦስት መንገዶች ዘርዝሯል፦ በውርስ፣ በሌሎች አዋቂዎች ምርጫ ወይም በራስ ፈቃድ። ድንገት ታሞ ራሱን የሳተ ሰው እንደ ተጠራ ይቆጠር ነበር፤ ከዚያም ጨውና በርበሬ ሳይቀምስ፣ ከሚስቱም ተለይቶ ይጾማል። ጸሐፊው ግን ይህን ሃይማኖት ሊያጠፋ የተላከ ሰው ነው። ከሳሽ የጻፈውን የተከሳሽ ታሪክ እያበጠሩ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ1608 አካባቢ በኬቹዋ የተጻፈው፣ የነባሩን ሕዝብ እምነትና ትረካ የያዘው የዋሮቺሪ ጽሑፍ ለዚህ ሚዛን ይሆንሻል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ስፓኒሽ ሳትችዪ ማመልከቻ አትላኪ። ኬቹዋን በኋላ ኩስኮ በሚገኘው በባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ማዕከል መማር ትችያለሽ። ከዚያ ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው መዛግብት፣ ሁለተኛው የዕቃ ቅሪት ኬሚካዊ ምርመራ። የቤተሰቦችሽን ሥጋት አልንቀውም፤ በአንዲስ ጥናት ብቻ አገር ቤት መቀጠር ከባድ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪ የማይከብድሽ ከሆነ ሁለተኛውን ያዢ። የአጥንት ቱቦ መመርመር የቻለ እጅ የአክሱምን ሸክላም ይመረምራል፤ ይህን ችሎታ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ሙዚየሞቻችን ይፈልጉታል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክቺ «የሻማኖችን ምንጭ አጠናለሁ» ብለሽ አትጻፊ። አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ዕቃና አንድ ዘመን ምረጪ፤ አማካሪ መምህርሽን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ስም አስቀድመሽ ፈልጊ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስና የኬሚስትሪ ውጤትሽን ብትልኪልኝ የትኛው በር እንደሚስማማሽ ለይቼ እጽፍልሻለሁ።