መልስ፦ ደጋኑን ስስብ ትልቁ አጋዘን ለምን ያመልጠኛል?

ወንድሜ፣ "ባለ ትልቅ ቀንዱ 20 ሜትር ላይ ቆሞ፣ ደጋኑን ስስብ ብን ብሎ ጠፋ" ላልከው፣ ንዴትህ ይገባኛል። እኔም እዚህ ቨርጂንያ፣ በኖቬምበር አጋማሽ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች ሴት ፍለጋ በሚራወጡበት ሰሞን እንዲሁ አምልጦኛል። ዓይኔ ቀንዱ ላይ ተተክሎ ቀረ። እጄ ሲንቀሳቀስ ቀና ብሎ አየኝ። አለቀ!

ዋናው መቼ እንደምትስብ ነው። ጭንቅላቱ ከዛፍ ግንድ ጀርባ እስኪገባ ጠብቅ፤ ያኔ ሳብ። ነፋሱም ከሱ ወደ አንተ ይንፈስ። ጠረንህ ከሸተተው ምንም አታደርገውም።

ሌላው፣ አጋዘኑ የደጋኑን ጅማት ድምፅ ሲሰማ ለመሮጥ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ፍላጻው በጀርባው ላይ ያልፋል። እኔ አሁን ዝቅ አድርጌ፣ ልቡ አካባቢ ነው የማነጣጥረው። ቀጥታ ፊቱን ወደ አንተ ካዞረ ግን እባክህ አትልቀቅ፤ አቁስለህ ትሰደዋለህ። የምታደንበት ማማስ ምን ያህል ከፍ ያለ ነው?