የአባትሽን ሰዓቶች ሳጥን አትጣዪ፤ ሰዓቶቹን ግን ከውስጡ አውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ ትተውልሽ ያለፉት አምስት ሰዓቶች አሉ። አንቺም ሦስት ጨምረሻል። ጅማ ከተዛወርሽ ወዲህ ቤቱ ጠበበሽ፤ የሰዓቶቹ ሳጥኖች ቁም ሳጥኑን ሞሉት። ልጣላቸው ወይስ ይቀመጡ ነው ያልሽው። አባትሽን ነፍስ ይማር።

እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሰዓት መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በአጭሩ ልንገርሽ። የዋስትናና የመመሪያ ወረቀቶቹን በፍጹም አትጣዪ። የአባትሽን ሳጥኖች አስቀምጪ። ሰዓቶቹን ግን ዛሬውኑ ከሳጥኑ አውጪ። ይህን የመጨረሻውን ሌላ ከተማ ያለ ሰብሳቢ ላይነግርሽ ይችላል። እዚህ ግን ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው።

የከተማችንን ዝናብ ገና እየለመድሽው ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርድብናል። ሐምሌ ላይ የተሰቀለ የቆዳ ጃኬት ሻጋታ ሲያወጣ ያላየ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቡና አገር ነውና በቡና ላስረዳሽ። በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ቢከርም ምን እንደሚሆን እዚህ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የሰዓት ሳጥንም እንደዚያው ነው። ውስጡ ካርቶን፣ ስፖንጅና ጨርቅ ነው። ሁሉም እርጥበት ይጠጣሉ። ክዳኑ ሲዘጋ እርጥበቱ መውጫ ያጣል።

እኔ ይህን የተማርኩት በሠርግ ሰዓቴ ነው። እንዳይጎዳብኝ ብዬ ከነሳጥኑ ቁም ሳጥኑ ግርጌ፣ ከግድግዳው አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ክረምቱ አለፈ። ለመስቀል ላድርገው ብዬ ስከፍተው ክው አልኩ። የቆዳ ማሰሪያው ሻግቷል። ሰዓቱ የታሰረበት ትንሽ ትራስ የለበሰው ቆዳ መሳይ ነገር ተልጦ፣ እንደ ሙጫ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የጀርባ ክዳኑ ጎማ አርጅቶ ስለነበር እርጥበቱ ውስጥም ገብቷል። ገጹ ላይ ነጠብጣብ ጥሎበታል፤ እስከ ዛሬም አለቀቀም። ሰዓት ሠሪው ወዳጄ ነው ያስረዳኝ። ያ ቆዳ መሳይ ነገር ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይሠራል። ፖሊዩሪቴን ደግሞ ማንም ሳይነካውም እርጥበት ቀስ በቀስ ይበትነዋል። ለካ ሰዓቴን ከሚበሰብስ ነገር ጋር አቅፌ ነበር ያስተኛሁት። እጄ ላይ ባደርገው ኖሮ ይሻለው ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ።

የአባትሽ ሰዓቶች አብዛኞቹ ሴይኮ ናቸው ብለሻል። የድሮ ሴይኮ ጀርባ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው። ከ1 እስከ 9 በቁጥር ይጻፋል፤ ለጥቅምት 0 ወይም O፣ ለኅዳር N፣ ለታኅሣሥ D ይገባል። ወሩም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ 8 ብሎ የሚጀምር ሰዓት አገኘሽ እንበል። 1978 ነው ወይስ 1988? ቁጥሩ ብቻውን አይነግርሽም። የሱቅ ማኅተምና ቀን ያለበት የዋስትና ወረቀት ግን ይነግርሻል። አባትሽ የትኛውን በወጣትነታቸው፣ የትኛውን አንቺ ከተወለድሽ በኋላ እንደገዙ ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ታውቂያለሽ። ይህን የሚተካ ነገር የለም።

መመሪያውንም አትናቂው። ቀን የሚያሳዩ የብዙ ሴይኮዎች መመሪያ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 4 ባለው ጊዜ ቀኑን በቁልፉ አትቀይሩ ይላል። በውስጡ ያሉት ጥርሶች ቀን ለመቀየር የተያያዙበት ጊዜ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን በራሳችን አቆጣጠር ነው የምንሞላው። ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር አድርገሽ ከሞላሽው፣ ክልክሉ ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ይሆናል። ሰው ቀን ለማስተካከል የሚነሳው ደግሞ ጠዋት ነው! የስንቱ ሰዓት ቀን መቀየሪያ በዚህ የተነሳ እንደተበላሸ ሰዓት ሠሪውን ጠይቂው።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህን ነው። ማንኛውንም ሳጥን ከመጣልሽ በፊት ትራሱን አንሺና ሥሩን እዪ። የብረት ሰንሰለት ያለው ሰዓት ሲገዛ ለእጅ ልክ ተብሎ ጥቂት ቁራጭ ይወጣለታል። እነዚያ ቁራጮች በትንሽ ላስቲክ ሆነው ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ይረሳሉ። አንድ ጎረቤቴ የአባቱን ሰዓት ወረሰ። አባቱ ቀጭን ነበሩ፤ እሱ ግን እጁ ወፍራም ነው። ሰንሰለቱ አልደርስ አለው። ሳጥኑን ቤት ሲያጸዱ ጥለውታል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ቁራጭ መርካቶም ድረስ ሄዶ አላገኘም። ሰዓቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሰውየው አሁንም ሲያነሳው ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሦስት ቁራጭ ብረት ናቸው እንግዲህ። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሰው ሳጥን ከሌለ ሰዓቱ ዋጋ የለውም ይልሻል። ለሮሌክስና ለኦሜጋ ዓይነቱ እውነት አለው። ገዢ ከነሳጥኑና ከነወረቀቱ ለመጣ ሰዓት የተሻለ ይከፍላል። ነገር ግን ሳጥን ብቻውን የኦሪጅናልነት ምስክር አይደለም። ባዶ ሳጥን ለብቻው ይሸጣል። ፌክ ሰዓትም በሚያምር ሳጥን ይመጣል። እኔ ራሴ በአንድ አዲስ ሳጥን ተታልያለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከሰዓቱ ጀርባ ጋር ያስተያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነበር፤ አልገጠመም። ሻጩም ስልኩን ዘጋ። ስለዚህ ሰዓት ስትገዢ ቁጥሮቹን ሳታስተያዪ ብር አታውጪ።

ቦታ ጠበበኝ ላልሽው የኔን አያያዝ ልንገርሽ። ወረቀቶቹንና ትርፍ ቁራጮቹን ከየሳጥኑ አወጣኋቸው። የእያንዳንዱን ሰዓት በየራሱ ፖስታ አድርጌ፣ ላዩ ላይ የጀርባውን ቁጥር በእርሳስ ጻፍኩ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ሰዓቶቹ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልለው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ናቸው። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን፣ እርጥበት የሚጠጡ የሲሊካ ጄል ትናንሽ ከረጢቶች እጨምርበታለሁ። እነሱም ሲጠግቡ ስለማይሠሩ በየጊዜው እቀይራቸዋለሁ። ባዶ ሳጥኖቹ ደግሞ ከወለልና ከግድግዳ ርቀው፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናቸው። ትልቁ ውስጥ ትንሹን እከታለሁ፤ ግማሽ ቦታ ይተርፋል። ጥር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሁሉንም ከፋፍቼ በረንዳ ጥላ ሥር አናፍሳለሁ። ሌላም ጥቅም አለው። ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው ስም የተጻፈበትን ሳጥን ነው። ባዶውን ይዞ ቢሄድ ሰዓቱ ይተርፍሻል።

የባትሪ ሰዓት ካለሽና የማታደርጊው ከሆነ ባትሪውን አስወጪው። ሲቆይ ያፈስና ውስጡን ይበላዋል።

አንቺ ከገዛሻቸው ሦስቱ አንዱ የፕላስቲክ ካሲዮ ነው ብለሻል። የእሱን ካርቶን ያለ ሐሳብ ጣዪው። መመሪያውን ብቻ አስቀሪ። የሁለቱን ደግሞ ልትሸጫቸው ካሰብሽ አቆዪ፤ ካላሰብሽ ያንቺ ምርጫ ነው። የአባትሽን ግን ትራሱ ቢላጥ፣ ክዳኑ ቢሰነጠቅም አትንኪብኝ። የተላጠውን ትራስ አውጥተሽ ጣዪ፤ ሳጥኑ ይቅር። እሳቸው በእጃቸው ከፍተው የዘጉት ነው።

አሁን ሰዓቶቹን አውጪና ጀርባቸውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺ። ከዚያ ላኪልኝ፤ ቁጥሮቹን አብረን እናነባቸዋለን። ትራሶቹን ማንሳት እንዳትረሺ። ከሥራቸው ምን እንዳገኘሽም ንገሪኝ።