መልስ፦ ዴፕዝ ካሜራው ሲበራ ድሮኑ ለምን ይንሸራተታል?

ሰላም ወንድም። የጠየቅከው ይህን ነው፦ 450 ፍሬም ላይ ፒክስሆክ (ድሮኑን የሚያበረው ፍላይት ኮንትሮለር) በአርዱኮፕተር ሶፍትዌር፣ ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ ኮምፒውተር) እና ሪልሴንስ ዲ435 (ርቀት የሚለካ ዴፕዝ ካሜራ) ገጥመሃል፤ ፓዩ ላይ ያለ ስክሪፕት የካሜራውን ርቀቶች ለፒክስሆኩ ይልካል። ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይሠራል። ሜዳ ወጥተህ ሎይተር (በጂፒኤስ አንድ ቦታ ላይ የሚያቆመው ሞድ) ስታደርገው ግን ድሮኑ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ፊቱ እያለም አንዳንዴ አይቆምም። «ኮዱ ላይ ምን ልቀይር?» ነው ያልከው። ኮዱን ለጊዜው ተወው። ካሜራውን የሰካኸው የፓዩ ሰማያዊ (ዩኤስቢ 3) ቀዳዳ ላይ ነው ብዬ ልነሳ፤ ሁሉም የሚሰካው እዚያ ነውና።

1ኛ. ጂፒኤስህን የሚያሳውረው የዩኤስቢ 3 ገመድ ነው። ዩኤስቢ 3 ዳታ ሲያስተላልፍ ሰፊ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል። የጂፒኤስ ምልክት (1575.42 ሜጋኸርዝ) ደግሞ ከሰማይ እዚህ የሚደርሰው እጅግ ተዳክሞ ስለሆነ ከሥሩ ያለ ትንሽ ጫጫታ ያፍነዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞትም ከዚሁ አይተርፍም። ቤት ውስጥ ችግሩ ያልታየህ እዚያ ጂፒኤስ ስለማትጠቀም ነው።

ለማረጋገጥ ሩብ ሰዓት አይፈጅብህም። ፕሮፔለሮቹን ፍታ፣ ድሮኑን ደጅ አውጣ። ፓዩ በርቶ፣ ካሜራው ግን ምስል ሳይልክ፣ ለ5 ደቂቃ የሳተላይት ብዛትና ኤችዶፕ (የጂፒኤስ ጥራት መለኪያ፣ ሲያንስ ይሻላል) መዝግብ። ከዚያ ስክሪፕቱን አስነሳና ሌላ 5 ደቂቃ ጠብቅ። ሳተላይቱ ከቀነሰና ኤችዶፑ ከጨመረ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

ብዙዎች የሚመክሩህ ገመዱን በመዳብ ቴፕ መጠቅለል፣ ጂፒኤሱን ቢያንስ 15 ሳ.ሜ በምሰሶ ከፍ ማድረግና ገመዱን ወደ 30 ሳ.ሜ ማሳጠር ነው። ሁሉም ይረዳል። (ለድሮን የሚሆን ካሜራ እያሉ 1 ሜትር ገመድ የሚያሽጉት ምን አስበው እንደሆነ አይገባኝም፤ ጥቅልሉ ራሱ አንቴና ነው።) ግን እስቲ እናስላ። ፍላይት ኮንትሮለሩ በመጨረሻ የሚቀበለው በአንድ መልእክት 72 የርቀት ቁጥሮችን ብቻ ነው። ለዚህ 640 በ480 ጥልቀት ምስል በሰከንድ 15 ጊዜ ከበቂ በላይ ነው፤ እሱም በፒክሰል 2 ባይት ተይዞ በሰከንድ 9.2 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ይህን ዩኤስቢ 2 ያለ ጭንቀት ይሸከመዋል። ስለዚህ ገመዱን ነቅለህ ጥቁሩ (ዩኤስቢ 2) ቀዳዳ ላይ ሰካው፣ ከተቻለም አጭር የዩኤስቢ 2 ገመድ ተጠቀም፣ ስክሪፕቱ ላይ በሰከንድ የምስል ብዛቱን ከ30 ወደ 15 ቀይር፣ የቀለም ምስሉንም አጥፋ። «ኩድንት ሪዞልቭ ሪኩዌስትስ» የሚል ስህተት ከመጣ በዩኤስቢ 2 የማይደገፍ መጠን ጠይቀሃል ማለት ነው እንጂ ካሜራው አልተበላሸም። በሽታው በነጻ ይድናል፤ ሰው ግን አዲስ ጂፒኤስ ይገዛለታል።

2ኛ. ኃይል። ፓዩን ከፒክስሆኩ ቴሌም 2 ወደብ የ5 ቮልት ፒን የምትመግበው ከሆነ አሁኑኑ ቁረጠው። ፓይ 4 ብቻውን 3 አምፔር የሚችል ምንጭ ይፈልጋል፣ ካሜራው ደግሞ እስከ 0.7 አምፔር ይስባል። ከባትሪው በቀጥታ የሚወጣ የራሱ 5 ቮልት 5 አምፔር ቤክ (ቮልቴጅ ቀናሽ) ስጠው። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ፓዩ ያስጠነቅቃል፤ ካሜራው በረራ መሀል «ጠፋ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ለዳታ ሦስት ሽቦ ይበቃል፦ የቴሌም 2 ፒን 2 ወደ ፓዩ ፒን 10፣ ፒን 3 ወደ ፒን 8፣ ግራውንዱ ፒን 6 ወደ ፒን 6። ፒክስሆኩ ላይ የዚህ ወደብ ፕሮቶኮል 2፣ ባውዱ (የዳታ ፍጥነቱ) 921፣ ማለትም 921600 ይሁን። የፓዩን ብሉቱዝና የሲሪያል ኮንሶሉን አጥፋ፤ አለበለዚያ የምታገኘው ሚኒ ዩአርት (የፓዩ ደካማው የሲሪያል ወደብ) ነው፣ እሱ ደግሞ ፍጥነቱ ከፕሮሰሰሩ ሰዓት ጋር ስለሚዋዥቅ በ921600 አይታመንም። የፒክስሆኩን ፕሮክሲሚቲ ታይፕ (ርቀቱ ከየት እንደሚመጣ) 2፣ አቮይድ ኢኔብል (እንቅፋት መሸሽን) 7 አድርግ። ሚሽን ፕላነር (ድሮኑን ከኮምፒውተር የምታስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭነህ ፕሮክሲሚቲን ክፈት። በካሜራው ፊት ስትሄድ ክቡ ላይ ካልታየህ አትነሳ።

3ኛ. አለመቆሙ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ካሜራው፣ ፓዩና ኮንትሮለሩ ተደምረው 0.3 ሰከንድ ይዘገዩ፣ ድሮኑም ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ2.5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ይቁም እንበል። በሰከንድ 3 ሜትር እየበረረ ከሆነ ለመቆም 2.7 ሜትር ይፈጃል፤ በዚህ ላይ 2 ሜትር የደህንነት ርቀት ሲጨመር 4.7 ይሆናል። ዲ435 ግን በደንብ የሚታመነው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ስህተቱ በርቀቱ ካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን ወደ 2 ሜትር ብታወርደው ሙሉው ድምር 3.4 ነው። ሎይት ስፒድን (የሎይተር ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሳ.ሜ በሰከንድ) 200 አድርገው፤ ከፋብሪካ ሲመጣ 1250 ነው፣ በዚያ ፍጥነት የትኛውም ካሜራ አያድንህም።

ከፍጥነቱ የሚብሰው ዜሮው ነው። ነገሩ ከ20–30 ሳ.ሜ በላይ ሲቀርብ ካሜራው ርቀቱን «0» ይላል፤ 0 ማለት «አላውቅም» ነው። በኮንትሮለሩ ዘንድ ግን ይህ እንደ «እንቅፋት የለም» ይቆጠራል። ግድግዳው ላይ ልትለጠፍ ስትል መንገዱ ክፍት ይሆናል ማለት ነው! ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ልስን ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ሌንሶች የሚያነጻጽሩት ነጥብ ያጣሉ፣ የካሜራው ኢንፍራሬድ ነጠብጣብ ደግሞ ቀን ላይ በፀሐይ ይዋጣል። መስታወትን አሳልፎ ያያል፣ የመብራት ሽቦን ጨርሶ አያይም። «ሆል ፊሊንግ» የሚባለው ማጣሪያ ቀዳዳውን በጎረቤት ቁጥር ስለሚደፍን ምስሉን ያሳምረዋል፣ ድሮኑን ግን ይዋሸዋል። አጥፋው። የደህንነት ርቀቱን ከ2 ሜትር አታሳንስ፤ ዜሮው ቦታ እንዳትደርስ የሚጠብቅህ እሱ ብቻ ነው።

ካሜራው ወደ ጎን የሚያየው 87 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ በጎን ወይም ወደ ኋላ ስትበር ዕውር ነህ። ፕሮፔለር እይታው ውስጥ እንዳይገባ ፍሬሙ ጫፍ ላይ እሰረው። ወደ ታች አታዘንብለው፤ ድሮኑ ሲያጎነብስ መሬቱን እንቅፋት ያደርገዋል። ስታቢላይዝ (በእጅ የሚበርበት) ሞድ ላይ ምንም ጥበቃ የለም። አውቶ (አስቀድሞ በተሰጠው መንገድ ራሱ የሚበርበት ሞድ) ላይ እንቅፋቱን ዞሮ እንዲያልፍ ኦኤ ታይፕ የሚባለውን ቅንብር 1 ማድረግ አለብህ።

ለመጀመሪያ ሙከራ ግድግዳ አትምረጥ። አበባ ያለበት አንሶላ በሁለት እንጨት መሀል ወጥር፤ ለካሜራው ከልስን ይልቅ ጥለት ያለው ጨርቅ ይሻለዋል፣ ቢጋጭም ፕሮፔለር እንጂ ካሜራ አይሰበርም። ከ10 ሜትር ተነስተህ ስቲኩን በትንሹ ወደፊት ግፋ፣ ሌላው ጣትህ ሞድ መቀየሪያው ላይ ይሁን። የሁለቱን የ5 ደቂቃ ቁጥሮች እዚህ ጻፍልን።