ባዶ የቀረ መስመር ምን ይላል? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ዘረ መል ምርመራ

ጥያቄ፦ ግማሽ ሄክታር የመስኖ መሬት ላይ ፓፓያ ልተክል ነው። ባለፈው ዙር ግማሽ ያህሉ ፍሬ የማይሰጥ ወንድ ሆኖብኝ ውሃዬም ማዳበሪያዬም ከንቱ ቀረ። በቅጠል ምርመራ ችግኙ ገና ሳያብብ ፆታው ይታወቃል ይባላል። ያዋጣኛል? (የፓፓያ አምራች፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ መታወቁን ይታወቃል፤ ለግማሽ ሄክታር ግን አያዋጣም ባይ ነን። ችግሩ ያለው ዘሩ ላይ ነው። ፓፓያ ሴት፣ ወንድና ባለ ሁለት ፆታ የሚባሉ ሦስት ዓይነት ዛፎች አሉት። ዘሩን የወሰዱት ወንድ ካዳቀላት ሴት ዛፍ ከሆነ ግማሹ ወንድ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። ራሱን በራሱ ካዳቀለ ባለ ሁለት ፆታ ዛፍ የተወሰደ ዘር ግን ከሦስቱ ሁለቱ ባለ ሁለት ፆታ፣ አንዱ ሴት ይሆናል፤ ወንድ አይወጣውም።

ስለዚህ ሾጠጥ ያለ ረዥም ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ይምረጡ (ክብ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የሴቷ ነው)። አበባው ሳይፈነዳ በወረቀት ከረጢት ሸፍነው ይሰሩት። ላስቲክ አይሁን፤ ያልበዋል፣ አበባውም ይረግፋል። ሳይሸፍኑ ከተዉት የጎረቤት ወንድ ፓፓያ ሊያዳቅለው ይችላል፤ ያኔ ከሚበቅለው ሲሶው ተመልሶ ወንድ ነው። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቀው ይትከሉ። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ባለ ሁለት ፆታ የመሆን ዕድሉ ከ27 ጊዜ 26 ነው። ሲያብቡ አበባውን ከፍተው ይዩ፤ ወፍራም እንቁልጢ (በኋላ ፍሬ የሚሆነው ክፍል) መሐሉ ላይ ኖሮ ዙሪያውን ቢጫ ብናኝ ካለ እሱን አስቀርተው ሌሎቹን ከመሬት አስጠግተው ይቁረጡ። አይንቀሉ፤ የሚቀረው ሥር አብሮ ይናጋል።

ምርመራው የሚያዋጣው ችግኝ አፍልቶ ለሚሸጥ ነው። ለእሱም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ጠቋሚው (አንድን የዘረ መል ክፍል ለይቶ የሚያወጣው የምርመራ መሣሪያ) የሚያነበው በወንዱና በባለ ሁለት ፆታው ላይ ብቻ ያለን የዘረ መል ክፍል ስለሆነ ሴቷ ጄሉ (ውጤቱ በመስመር የሚነበብበት ዝልግልግ ሰሌዳ) ላይ ምንም መስመር አታሳይም። ምርመራው ከሽፎ ቢሆንም የሚታየው ያው ባዶ ነው። ስለዚህ በሁሉም ችግኝ ላይ መስመር የሚሰጥ ሁለተኛ ጠቋሚ በዚያው ቱቦ ካልገባ «ሴት ናት» የሚለውን ውጤት አይቀበሉ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ የማንጎ ቅጠል ከኮምቦልቻ ሰብስቤ በላስቲክ ወደ ደሴ አመጣሁ። ያወጣሁት ዲኤንኤ ቡናማና ዝልግልግ ሆነ፤ ፒሲአሩም (የተፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል የሚያባዛው ምርመራ) አልሠራም። (ተማሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ ላስቲኩ ነው ያበላሸው። በሙቀት የታፈነ ቅጠል መንገድ ላይ መበስበስ ይጀምራል፤ ማንጎ ደግሞ ከዲኤንኤው ጋር የሚጣበቅ ብዙ ፖሊፌኖልና ስኳር አለው። የጠነከረውን ጥቁር አረንጓዴ ትተው ገና የተዘረጋውን ለስላሳ ቅጠል ይቁረጡ፤ በወረቀት ፖስታ አድርገው ለ1 ግራም ቅጠል 10 ግራም ሲሊካ ጄል ባለበት ዕቃ ይክደኑት። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው ትንሽ ከረጢት አይበቃም። በ24 ሰዓት ውስጥ ቅጠሉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ በደሴ የሐምሌ ጉም ክዳኑን ክፍት መተው ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ፖስታው ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ የስክሪፕቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይጠፋል።

ዲኤንኤውን ሲያወጡ 2 በመቶ ሲታብ (ሴሉን የሚከፍት ሳሙና መሰል ኬሚካል) ባለበት ማሟሚያ ላይ 2 በመቶ ፒቪፒ (ፖሊፌኖሉን የሚይዝ ኬሚካል) ይጨምሩ፤ ቤታ መርካፕቶኤታኖሉን በዚያው ቀን ነው የሚቀላቅሉት፣ የቆየ ቅልቅል ቡናማነቱን አይከላከልም። በ65 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያቆዩት፤ ክሎሮፎርም–አይሶአሚል አልኮሉን (24 ለ1) ደግሞ ሁለት ጊዜ ይድገሙ። ከላይ ያለውን ፈሳሽ ሲስቡ ከመሐል ነጩን ንጣፍ አይንኩ፤ ጥቂት ትርፍ እናገኛለን ብለው ጫፉን አስጠግተው የሚስቡ ናቸው ብዙ ጊዜ የሚከሽፍባቸው።

ያለዎትን ናሙና ከመጣልዎ በፊት ግን አሥር እጥፍ አቅጥነው ፒሲአሩን ይድገሙት። ሲቀጥን የሚሠራ ከሆነ ዲኤንኤው አለ፤ ሥራውን ያገደው አብሮት የቀረው ቆሻሻ ነው። ቀጥኖም እንቢ ካለ እንደገና ቅጠል ይሰብስቡ።

ጥያቄ፦ አቀንጭራን (የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠውን አረም) የሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አጭር ናቸው፤ ገበሬው ደግሞ አገዳው ለከብትም ለማገዶም የሚሆነውን ረዥሙን የአገሩን ማሽላ አይለቅም። መቋቋሙን ወደ አገሬው ማዛወር ይቻላል? ልውጠ ሕያው (ጂኤምኦ) አይሆንም ወይ? (የግብርና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልውጠ ሕያው አይደለም። ማሽላ ከማሽላ ጋር እንደ ጥንቱ ይዳቀላል፤ ጠቋሚው የትኛው ቡቃያ እንደሚቀር ለመምረጥ ብቻ ነው።

ኤልጂኤስ1 የሚባለው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የተለየው። ዘረ መሉ የጎደለው ማሽላ ከሥሩ የሚያወጣው ኬሚካል ስለሚለወጥ የአቀንጭራው ዘር «አስተናጋጄ ደረሰ» ብሎ አይነቃም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም አቀንጭራንና ድርቅን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ነው።

ጣጣው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ካልመጣ መቋቋሙ አለመታየቱ ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ተክል ማሳ ላይ እንደ ማንኛውም ይጠቃል፤ በዓይን መምረጥ የማይሆነውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ የአገሬውን ከሚቋቋመው ጋር ያዳቅሉ፤ ከዚያ ልጁን ሦስት ጊዜ መልሰው ከአገሬው ጋር ያዳቅሉ። በአማካይ የአገሬው ድርሻ በመጀመሪያው ምላሽ 75፣ በሁለተኛው 87.5፣ በሦስተኛው 93.75 በመቶ ይደርሳል። በየዙሩ ግማሹ ቡቃያ ጉድለቱን ስለሚይዝ ሰባት ቡቃያ መመርመር ቢያንስ አንዱን ለማግኘት 99 በመቶ ዋስትና ይሰጣል፤ ሆኖም 40 ወይም 50 ቢያበቅሉና ከዘረ መሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ጠቋሚዎችም ቢያዩ፣ ተጎትቶ የመጣውን የአጭሩን ዝርያ ቁራጭ ቶሎ ያራግፋሉ። በመጨረሻ ራሱን በራሱ ሲያዳቅል የሚፈለገው ከአራት አንዱ ስለሆነ ቢያንስ 17 ቡቃያ ይመርምሩ።

እዚህም ላይ ባዶ መስመር ያሳስታል። የጎደለውን ክፍል የሚፈልግ ጠቋሚ ጉድለቱን ከአንድ ወገን የወረሰውን ተክል ምንም ካልጎደለበት አይለይም፤ ሁለቱም መስመር ይሰጣሉ። የሚያስፈልገው ጉድለቱን ከዳር እስከ ዳር ተሻግሮ፣ ክፍሉ የጎደለ እንደሆነ ብቻ መስመር የሚሰጥ ጠቋሚ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሂዱ።

የተገኘው ዝርያም ከአቀንጭራ ጨርሶ የጸዳ አይሆንም፤ አንዳንዱ የአቀንጭራ ዓይነት በተለወጠውም ኬሚካል ይነቃል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፤ ዘሯም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ብቅ ያለችውን ሐምራዊ አበባዋ ሳይፈነዳ ማረም አይቀርም።