በፎቶግራፍ ላይ ከመጻፍህ በፊት ፋይሉን ገልብጥ

ወንድሜ፣ በእናትህ ፎቶግራፍ ላይ ስማቸውንና ዓመተ ምሕረቱን ለመጻፍ አስበህ «ፎቶሾፕ የለኝም፤ ፔይንት ይበቃኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይበቃሃል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ተራ የሥዕል ፕሮግራም ቢሆንም ስለ እሱ አትጨነቅ። እኔ ግን በዚያው በፔይንት የአባቴን ፎቶግራፍ ያበላሸሁ ሰው ስለሆንሁ፣ አንተ ላይ እንዳይደርስ የደረሰብኝን ልንገርህ።

አንደኛ፦ ፔይንትን ከመክፈትህ በፊት ፋይሉን ገልብጠህ ለቅጂው ሌላ ስም ስጠው። ዋናውን ፍላሽ ላይ አኑርና ፍላሹን ንቀለው። ይህን ሳታደርግ አንዲት ፊደል እንዳትጽፍ።

አባቴ ቆመው የተነሡት ጥሩ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር። የአጎቴ ልጅ በስልኩ ነው ያነሣቸው፤ ስልኩ ከጠፋ ቆይቷል። ሙሉው ፋይል የነበረው እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ተቀምጬ ስማቸውን ካፖርታቸው ላይ፣ ከሦስተኛው ቁልፍ ላይ ጻፍሁ። አማረልኝ። ኮንትሮልና ኤስ ተጫንሁ፤ ፔይንትን ዘጋሁና ተኛሁ። በማግስቱ ለእኅቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ «አባባ ስማቸውን በእሳቱ ሰ ጽፈው ያውቃሉ?» አለችኝ። አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን በንጉሡ ሥ ነው የፈረሙት። እኔ ልጃቸው የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ስቻለሁ።

ማረም የማይቻልበት ምክንያት ይህ ነው። በፔይንት የምትጽፍበት ሣጥን በነጠብጣብ መስመር ተከብቦ እስከታየህ ድረስ ፊደሉን መቀየር፣ ማሳደግና ማንቀሳቀስ ትችላለህ። ከሣጥኑ ውጭ አንዴ ጠቅ ካደረግህ ግን ጽሑፉ ጽሑፍ መሆኑ ያበቃል፤ እንደ ካፖርቱና እንደ ሰማዩ ሁሉ ተራ ባለቀለም ነጥብ ይሆናል። ፕሮግራሙን እስክትዘጋ ድረስ በኮንትሮልና ዜድ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። አስቀምጠህ ከዘጋህ በኋላ ግን ፊደሉ ሥር የነበረው ምስል የለም። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኘውም፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ተጻፈበት እንጂ የተሰረዘ ፋይል የለምና። ዊንዶውስ የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያስቀምጥበት መንገድ አለው፤ የሚሠራው ግን አስቀድመህ ካበራኸው ነው። የእኔ አልበራም ነበር።

ሁለተኛ፦ «ባለሙያ ያስተካክለዋል» የሚሉህን አትስማ። እኔ ሰምቼ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድሁ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እኛ የመጣልንን ነው የምናትመው» አለኝ። ለምኜ፣ ተጨማሪ ከፍዬ አስተካከሉልኝ። ከካፖርቱ ጨርቅ ቆርጠው ፊደሎቹ ላይ ለጥፈውበት ሦስተኛው ቁልፍ ጠፍቷል። ቁልፉ የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ቁልፍ ነበረው እንዴ?» የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ያዳነችኝ ያችው እኅቴ ናት። ከዓመታት በፊት ፎቶግራፉን በመልእክት ልኬላት ነበር፤ ከስልኳ ፈልጋ አገኘችው። ነገር ግን የመልእክት መላላኪያው ሲያሳልፈው አሳንሶታል፤ 4000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) የነበረው ቁመት 1280 ሆኗል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 4000ው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ 1280ው ግን 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ የነበሩት አባቴ መዳፍ በምታህል ክፈፍ ቀሩ። ስለዚህ አንተም ፎቶግራፉን ከዘመድ የምትቀበል ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልህ።

በዚያች ትንሽ ቅጂ ላይ በድጋሚ የጻፍሁት ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል፤ ግን ጽሑፉን ሌየር በሚባል ለብቻው በሆነ ደርብ ላይ ያስቀምጠዋል። ሥራህን በራሱ በኤክስ ሲ ኤፍ ፋይል ካስቀመጥኸው ከወር በኋላም ተመልሰህ አንዲቷን ፊደል ብቻ መለወጥ ትችላለህ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.8 እትም ጀምሮ «አስቀምጥ» ስትለው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) አድርጎ አያስቀምጥም፤ ኤክስፖርት አድርግ፣ ማለትም ለብቻው በሌላ ፋይል አውጣው ይልሃል። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ እመርቀዋለሁ፤ ያን ሌሊት እንዲህ የሚከለክለኝ ፕሮግራም ቢኖረኝ ኖሮ የአባቴ ፎቶግራፍ ዛሬ ሙሉ ነበር።

ፔይንት ይሻለኛል ካልህ ደግሞ የመጠን ዝርዝሩ 72 ላይ ሲያበቃ አትቁም፤ ሣጥኑ ውስጥ 200 ብለህ በእጅህ ጻፍበት። ከስልክ በመጣ ትልቅ ፎቶግራፍ ላይ 72 ጥግ ላይ ያለች ጭረት ነው የምትመስለው። ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን ቀለም አጥፋው፤ አለዚያ ነጭ ሣጥን የእናትህን ልብስ ይሸፍናል። ነጭ ፊደል ብርሃን በበዛበት ቦታ ላይ አልነበብ ካለህ መጀመሪያ በጥቁር ጻፍ፤ ከዚያ ያንኑ ቃል በነጭ፣ ሁለት ሦስት ፒክስል ወደ ላይና ወደ ግራ ፈቀቅ አድርገህ ድገመው። ጥቁሩ ጥላ ይሆንለታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ስሞክር ያገኘሁት ነው፤ አሁን የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ሁሉ የምጽፈው እንዲህ ነው።

ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ቀያይረህ የአማርኛው ፊደል አንድ ዓይነት ሆኖ ቢቀር ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል አትበል። አብዛኞቹ ፎንቶች የላቲን ፊደል ብቻ ነው ያላቸው፤ የእኛን ፊደል ሲያጡ ዊንዶውስ ሳይነግርህ ከሌላ ይተካልሃል። ኒያላን፣ ኢብሪማን ወይም የኖቶን የኢትዮጵያ ፊደል ምረጥ።

ለመጨረሻው ፋይል ፒኤንጂ የሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ይሁንልህ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ሣጥን እየከፋፈለ ስለሚያሳንሰው የፊደል ጠርዝ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተዋል፤ ቀይ ፊደል ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ነው የሚይዘው። ደጋግመህ ከፍተህ ባስቀመጥኸው ቁጥር ጭጋጉ ይጨምራል።

እናትህ የፈረሙበት ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ ዛሬ ማታ ፈልገው። ደብዳቤም ይሁን ደረሰኝ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጠህ፣ ስማቸውን እሳቸው በጻፉት ፊደል ጻፍ።