አዲሱ የቨርጂኒያ ምዘና ልጄን ይነካዋል ወይ? (መልስ)

እህቴ፣ «ልጄ ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አዲሱ የትምህርት ቤቶች ምዘና ይዘግይ የሚሉት ለምንድን ነው? ዲፕሎማውን ይነካበታል?» ብለሻል። አይነካም። የሚመዘነው ትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ልጅሽ አይደለም።

የግዛቷ የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ያጸደቀው አሠራር እውቅናን (ትምህርት ቤቱ የግዛቷን መስፈርት ማሟላቱን) ከውጤት ምዘና ለየ። ያጨቃጨቀው በተለይ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩት ልጆች ጉዳይ ነው። ድሮ የወደቁበት ውጤት እስከ 11 ሴሚስተር ድረስ በትምህርት ቤቱ ላይ ላይቆጠር ይችል ነበር። አዲሱ ወደ 3 አወረደው። ዓመት ተኩል ማለት እኮ ነው! ብዙ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ምዘናው ይዘግይ፣ ጊዜ ይሰጠን ያሉት በዚህም ጭምር ነው፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

አንቺ ግን ልጅሽ የእንግሊዝኛ ድጋፍ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያገኝ ጠይቂ። አስተርጓሚም በነጻ የማግኘት መብት አለሽ፤ አትፈሪ።