ጥያቄና መልስ፦ አንጎል ፕሮቲን መጉደሉን በምን ያውቃል?

«ጠዋት እንቁላል በልቼ ስወጣ እስከ ምሳ አይርበኝም። ዳቦ በሻይ ከሆነ ግን አራት ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይጮኻል። ለምን?»

ሁለት እንቁላል ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ 50 ግራም የምትመዝን ዳቦ 4 ግራም ገደማ። ፕሮቲን ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች) የአንጀትን ግድግዳ ሲነኩ ኮሌሲስቶካይኒንና ጂኤልፒ-1ን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ይመነጫሉ። ኮሌሲስቶካይኒን ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ይይዘዋል፤ ሆድ ዕቃንና አንጎልን በሚያገናኘው በቬገስ ነርቭ በኩልም ለአንጎል ግንድ «በቃ» ይላል። ሌላው መንገድ ደም ነው፦ አሚኖ አሲዶቹ ራሳቸው በደም አንጎል ይደርሳሉ። በ2006 በወጣ ጥናት ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በቀጥታ ወደ አይጠመጎጥ አንጎል ሲገባ ረሃብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ ሃይፖታላመስ ውስጥ ኤምቶር የተባለውን ፕሮቲን አነቃ፤ እንስሶቹም መብላት ቀነሱ። የሉሲን የቅርብ ዘመድ የሆነው ቫሊን ግን አልሠራም።

«እንግዲያው የሉሲን ዱቄት ብጠጣ እከሳለሁ?»

ገንዘብዎን አያባክኑ። በጥናቱ ሉሲኑ በአፍ አልተሰጠም። በአፍ የተወሰደው አንጎል የሚደርሰው ላት1 በተባለ አጓጓዥ ነው፤ በዚያው በኩል ትሪፕቶፋን፣ ታይሮሲን፣ ፌኒልአላኒንና ሌሎች አሚኖ አሲዶችም ይሻማሉ። አንዱ ሲበዛ ሌሎቹ ወደኋላ ይቀራሉ። ከነዚህ ውስጥ ትሪፕቶፋን ስሜትን የሚነካው የአንጎል ኬሚካል፣ የሴሮቶኒን መሥሪያ ስለሆነ በዘፈቀደ የሚነካካ ነገር አይደለም።

«በጾም ሽሮና ምስር ብቻ ስበላ አንዱ አሚኖ አሲድ ቢጎድል አንጎሌ ይነቃበታል?»

አይጠመጎጦች አንድ አስፈላጊ (ሰውነት ራሱ የማይሠራው) አሚኖ አሲድ የወጣለት ምግብ ሲቀርብላቸው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ ተዘግቧል። ጂሲኤን2 የተባለ ኢንዛይም ጉድለቱን ያውቃል ተብሎ ነበር፤ በኋላ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ያለ እሱም ምላሹ እንደሚመጣ ስላሳየ ክርክሩ አልተዘጋም። ለማንኛውም ያ ምግብ ላቦራቶሪ የቀመመው ነው፤ የእርስዎ ማዕድ እንዲያ አይጎድልም።

ከአስፈላጊዎቹ አሚኖ አሲዶች ጤፍ ላይሲን ያንሰዋል፣ ምስር ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ሁለቱ ይሟላሉ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ወደ 50 ግራም ፕሮቲንና 1.8 ግራም ላይሲን ይበቃዋል። 230 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ፣ ከ80 ግራም ደረቅ ምስር ጋር፣ ፕሮቲኑን ይሞላል፤ ላይሲኑም 2 ግራም ያልፋል። የግድ በአንድ ገበታ መቅረብ የለባቸውም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከሆነ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጎድለው ወጡ መቅጠኑ ነው፦ ውሃ የበዛበት ሽሮ ሆድ ይሞላል እንጂ አተሩና ሽምብራው ጥቂት ነው።

«ቆጮ ጠግቤ በልቼ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ያምረኛል።»

ቆጮ ስታርች እንጂ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ፕሮቲን ሲያንስ ጉበት ኤፍጂኤፍ21 የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ በእንስሳት ላይ እንደታየው ይህ ሆርሞን አንጎል ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ ያስመርጣል። ሲምሰንና ራውበንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ሰውም የፕሮቲን ድርሻው እስኪሞላ ሌላውን አብዝቶ ይበላል የሚል መላምት አቅርበዋል። ስለዚህ ቆጮውን ከአይብ ጋር፣ በጾም ከባቄላ ጋር ይብሉት።

«የኩላሊት ሕመምተኛ ነኝ፤ ፕሮቲን ልጨምር?»

ሐኪምዎ መጠኑን ሳይነግርዎ አይጨምሩ።